አባቷ የዘለላቸው ደቂቃዎች

«የሐዘን ቤት መሆኑ ቀርቶ ሲኒማ ቤት ሆነ?» አለች አክስትየዋ፣ ቴሌቪዥኑ ሲበራ።

ሦስተኛው ቀን ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተጣቧል። አብዛኞቹ ለቀስተኞች ከሟቹ ጋር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሾፌሮች ናቸው። ልጅቱ ሪሞት ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የአባቷ ደብተር፣ አጠገቧ የሲዲ ክምር።

«ተያት» አለች እናት። «ካላገኘችው አይወጣላትም።»

የምትፈልገውን የማያውቅ የለም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ፊልም ቀራጮች አባቷን መንገድ ላይ አስቁመው «ካሜራውን ሳታይ ዝም ብለህ እለፍ» አሉት። እሱ ዝም ብሎ ሊያልፍ! እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ብሏቸው አለፈ። የፊልሙን ስም መጠየቅ ግን ረሳ፤ አይ ሰው! ከዚያ ወዲህ ያልፈተሸው ፊልም የለም። ከባድ መኪና ብቅ ባለ ቁጥር ፊልሙን ያቆምና አፍንጫው የቴሌቪዥኑን መስታወት እስኪነካ ይጠጋል። ከፊት መብራቱ ስሪቱን ይለያል፣ ጎማ ይቆጥራል፣ ታርጋውን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። «የኔ አይደለም» ይላል መጨረሻ ላይ።

«ልቀቀው እንጂ ሰውዬ!» ትጮህበታለች እናት። «ሴትየዋ ልትሞት እያጣጣረች አንተ ጎማ ትቆጥራለህ!»

በመጨረሻው ማታ ግን የጮኸችው ልጅቱ ነበረች። ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቆምባት ጊዜ፣ «አባዬ፣ የምትለው ፊልም የለም። ከራስህ ፈጥረኸው ነው» አለችው። ደብተሩን ዘግቶ ተኛ፤ በማግስቱ ልቡ ቆመ። ያቺ ንግግሯ ናት ዛሬ ሲዲ የምታስፈትሻት።

ደብተሩን ስትገልጥ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘች። «ስድስት መኪና። የኔ የለም። ከ41 እስከ 44ኛው ደቂቃ ተዘሏል።» ቀጣዩ ገጽ ላይም ተዘሏል። ከዚያም በኋላ ተዘሏል።

«ጋሼ ፍሬቻ፣ አባዬ ምኑን ነው የሚዘለው?»

ፍሬቻ የአባቷ ረዳት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያወሩ አንድ ዓይናቸውን ስለሚጠቅሱ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጠቀሱ።

«መሳሳሙን ነዋ! ልጅ ፊት እንዴት ይታያል?»

አንዱ ሾፌር ሳቁ አመለጠው፣ ሌላውም ተከተለ። እውነት ነው። ልጅቱ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት እንኳ፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ከተጠጋጉ አባቷ ቤት የተቃጠለ ይመስል ሪሞቱ ላይ ይወረወር ነበር።

እናም የተዘለሉትን ደቂቃዎች ማየት ጀመሩ። ጉድ እኮ ነው! አንዱ ሽማግሌ ጣሪያውን ያጠናሉ፣ ሌላው የጫማቸውን ክር ደጋግመው ያስራሉ። አክስት ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ጣቶቿ ግን ተከፍተዋል።

«ኧረ ዝለይው!»

«አክስቴ፣ የምንፈልገው እኮ እሱን ነው!»

አምስተኛው ፊልም ላይ ፍቅረኞቹ መንገድ ዳር ቆመው ተቃቀፉ። ከኋላቸው አቧራ ተነሳ፤ ከአቧራው ውስጥ ሰማያዊ ከባድ መኪና ወጣ።

«ቁም!» አሉ ሾፌሮቹ በአንድ ድምፅ፤ ሁሉም ፍሬን የረገጡ ያህል ቀኝ እግራቸው ወለሉን መታ። ልጅቱ አቆመችው።

«ክብ መብራት ነው!»

«ባለ አሥር ጎማ!»

«የግራ መስታወቱ በሽቦ ታስሯል!» ፍሬቻ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት!»

ታርጋውን የተዋናዩ ትከሻ ጋርዶታል። ልጅቱ ፊልሙን ቀስ እያደረገች ገፋችው። «አራት... ሰባት...»

«ሁለት፣ አንድ፣ ዘጠኝ» ብላ ጨረሰች እናት ከተቀመጠችበት፣ ገና ሳይታይ። ስንት ዓመት መስኮት ላይ ቆማ ያንን ታርጋ ስትጠብቅ ኖራለች።

«አለ!» አለች ልጅቱ፣ እየሳቀች እንባዋ እየወረደ። «አባዬ፣ አለ! ይቅር በለኝ፣ ፊልሙ አለ!»

ጥቂት ሲገፋ ከመስኮቱ እጅ ወጣ። ፊት አይታይም፤ አምስት ጣቶች የተዘረጉበት እጅ ብቻ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ጎረቤት ምን ጉድ መጣ ብሎ በበሩ ብቅ አለ።

ሳቁ ሲበርድ ልጅቱ ፊልሙን ለመልቀቅ ሪሞቱን አነሳች። እናት እጇን ያዘቻት።

«ቆይ፣ አትልቀቂው።»

ከዚያ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ሰላም አለችው።