ዛፉ ላይ የተጠመጠመው ሐረግ

እናትየው እያለከለከች የላቦራቶሪውን በር ገፍታ ገባች። በአንድ እጇ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ቅጠሉ የሳሳ ቅርንጫፍ ይዛለች። ጠዋት ለትኩሳት ይሆናታል ብላ ያንን ቅጠል አፍልታ ልጇን አጠጣቻት። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ታስመልስ ጀመር፤ ዓይኗ ፈዘዘ፣ ድምፅዋ ጠፋ። ክሊኒክ ያለው ሐኪም አባትየውን ልጅቷ አጠገብ አስቀርቶ፣ «የጠጣችውን ሳላውቅ ማርከሻ በግምት አልሰጥም» ብሎ እናትየውን ላካት።

ላቦራቶሪው ውስጥ የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት።

«እታለም፣ ተቀመጪ። አንቺም ከወደቅሽ ሁለት በሽተኛ የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።»

«አሁን ቀልድ አማረሽ?»

«እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው የምቀልደው።»

እህትየው በማንቆርቆሪያው ከቀረው ጭላጭ ጥቂት ወስዳ በአሲድ አሟሟችና አጠለለች፤ ከዚያም ከአንድ ጠርሙስ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ጥርት ያለው ፈሳሽ ደፈረሰና ብርቱካንማ አተላ ወረደ።

«መርዝ ነው! በገዛ እጄ ገደልኳት!»

«ዝም በይ እስቲ! አልካሎይድ የሚሉት የዕፅዋት ቅመም አለበት ማለት ነው እንጂ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ለወባ የሚሰጠው መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል። የትኛው እንደሆነ ገና ነው።»

ቅርንጫፉን አንስታ አገላበጠችው። ፊቷ ተለወጠ። ቅርንጫፉ ላይ ቀጭን ሐረግ ተጠምጥሟል፤ ቅጠሉ ከዛፉ ቅጠል ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

«ይሄንን አይተሽዋል?»

«የዛፉ መስሎኝ… ዝም ብዬ ሸመጠጥኩት።»

እህትየው የዛፉንና የሐረጉን ቅጠል ለየብቻ ወቅጣ አዘጋጀች። ቅመሞችን ለይቶ ከሚያሳይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ግርጌ ሦስት ነጥብ አኖረች፤ የማንቆርቆሪያውን፣ የዛፉን፣ የሐረጉን። ሰሌዳውን ፈሳሽ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ እናትየው ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለች። የሐረጉ ምልክት ከማንቆርቆሪያው መስመር ላይ እንዳይታይ በሆዷ ለመነች።

ሰሌዳው ደርቆ ማቅለሚያ ኬሚካል ሲረጭበት ነጥቦቹ ፈኩ። በማንቆርቆሪያው መስመር ላይ የዛፉ ነጥብ ደምቆ ወጣ። ከሱ በላይ፣ ከሐረጉ ነጥብ ትክክል፣ ሌላ ደብዛዛ ነጥብ አለ።

«ሐረጉን አውቀዋለሁ፤ ልብ ያደክማል» አለች እህትየው። ክሊኒክ ደውላ ስልኩን ዘረጋችላት። «ምን ያህል እንደጨመርሽ ለሐኪሙ አንቺው ንገሪው። አትደብቂ።»

እናትየው ምላሷ እየተሳሰረ እህቷ በጆሮዋ የነገረቻትን የሐረጉን ስም፣ የሸመጠጠችውን እፍኝ፣ ልጅቷ የጠጣችውን ግማሽ ስኒ ተናገረች።

«ማርከሻው አለን። ስልኩን አትዝጊ» አለ ሐኪሙ።

በስልኩ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ ከዚያ ብረት ሲንኳኳ፤ ከዚያ ምንም። እናትየው የእህቷን ጋዋን ጨምድዳ ያዘች።

«እማዬ! መርፌ ሊወጉኝ ነው!»

ድምፅዋ የሰለለ ቢሆንም የልጅቷ ነው።

«ይውጉሽ፣ የኔ እናት፣ ይውጉሽ» አለች እናትየው፤ «ጩኺ ብቻ። እየሰማሁሽ ነው።»