የሦስት መቶ ባቄላ ጀግና

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የጌጃ ሰፈሩ ሂርጳ ደግሞ አለመርሳት ብቻ አይደለም፤ ቂሙን ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ በምስማር መትቶ አራት ወር ሙሉ አስቀመጠው። ሥራውም ያው ነው፤ ካረጀ የመኪና ጎማ ጫማ ይሠራል። እሱ የሠራው ጫማ ባለቤቱን ቀብሮ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ይባላል። ቂሙም ከዚያው ጎማ የተቆረጠ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የአብዱልመናን ልብስ ስፌት ቤት ነው። አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ስለ አንድ የባሕር ማዶ ጨዋታ አወራው። ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ፤ እያንዳንዱ ከራሱ አንድ ጀግና ይፈጥራል፤ አንዱ ዳኛ ሆኖ ዘንዶውንም ገደሉንም ያመጣባቸዋል። አብዱልመናን ግማሹን ሰማ፤ ግማሹን ከሆዱ ጨመረበት። ልቡ ጨዋታው ላይ ስለነበር የአስተማሪው ሱሪ አንዱ እግሩ ከጉልበት በላይ ቀረ አሉ።

ሕጉ ቀላል ነው። የጀግና ጉልበት በባቄላ ይለካል። አዲስ ጀግና በሦስት ባቄላ ይጀምራል፤ ባሸነፈ ቁጥር ይጨመርለታል። አደጋ ሲመጣ ተጫዋቹ ስድስት የቢራ ቆርኪ ይበትናል። በጀርባቸው የወደቁት ተቆጥረው ከባቄላው ጋር ይደመራሉ፤ ድምሩ ከአደጋው ጉልበት ከበለጠ ጀግናው ተረፈ፣ ካነሰ ተቀበረ። ዳኝነቱ በተራ ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ወር።

እሑድ እሑድ፣ የቀበሌው ስብሰባ ሲበተን፣ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። አብዱልመናን፣ ፍራሽ አዳሹ ዋቅሹማ፣ ሂርጳ፣ አራተኛው የቀበሌው ጸሐፊ ተክለጻድቅ። ተክለጻድቅን ማባረር አይታሰብም። እሱ ካለ፣ አራት ሰው ስለ ዘንዶ ሲያወራ ጨዋታ ነው፤ እሱ ከሌለ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ደግሞ በደርግ ዘመን ፈቃድ ይፈልጋል።

አምሮታቸው አይገጥምም። ዋቅሹማ ሚጢጢ ጀግና ይወዳል፤ ውሻ ሲጮህበት አጥር የሚዘል። «ከአምስት ባቄላ ካለፈ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይላል። ሂርጳና ተክለጻድቅ ግን ግዙፍ ነው የሚወዱት። የሂርጳ ጀግና ኮርማው አንድ ዓመት ሙሉ ተቀልቦ አርባ ባቄላ ደርሷል። አዋሽን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ዓሣውን ለድሃ የተፋ እሱ ነው። የተክለጻድቅ ጀግና መብረቁ ሠላሳ አምስት ላይ ቆሟል። ይኼ የአምስት ባቄላ ልዩነት ነው ተክለጻድቅን ያቃጠለው።

ተክለጻድቅ የዳኝነቱ ወር ሲያልቅ፣ በመጨረሻዋ እሑድ፣ ዘንዶውን ትቶ ኮርማውን ልቅሶ ቤት ጠራው።

«ተቀመጥክ። ንፍሮ ዘገንክ። አንዲት ፍሬ ጉሮሮህ ላይ ቆመች። በትን!»

«የንፍሮዋ ጉልበት ስንት ነው?» አለ ሂርጳ እየሳቀ።

«ሃምሳ።»

«ንፍሮ? ዘንዶው እንኳ ሠላሳ ነበር!»

«የዳኛ ቃል ነው።»

ስድስቱም ቆርኪ ቢሰምር አርባ ስድስት ነው። አዋሽን የጠጣው ኮርማ በአንዲት ፍሬ ታንቆ ሞተ። ዋቅሹማ ሲስቅ ከወንበሩ ወደቀ። ሂርጳም ለጨዋታ ብሎ ሳቀ፤ ነገሩ እዚያ ቢቀር ኖሮ ይህ ታሪክ አይወራም ነበር።

ቅዳሜ የቀበሌው ሱቅ ስኳር አመጣ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል። ተክለጻድቅ ድምፅ ማጉያውን አነሣና፣ «ቀጥሎ! ጓድ ሂርጳ ንፍሮ!» አለ። ሰልፉ በሳቅ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛው ሁሉ «ንፍሮ፣ ጫማዬ ደረሰ?» ሆነ።

ይኼንንም በቻለው። ግን ልጁን ጠጅቱን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሎች ከሰበታ መጡ። ጌጃ ሰፈር መግቢያ ላይ አንዷን ባለ ሱቅ «የአቶ ሂርጳን ቤት ታውቂዋለሽ?» አሏት።

«ንፍሮን ነው? እንዴታ! በዚህ ቀጥ ይበሉ፣ አባባ።»

ሽማግሎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ንፍሮ የልቅሶ ቤት እህል ነው። ሠርግ ሊጠይቁ ወጥተው የለቅሶ ስም ተቀበላቸው። «ምልክቱ አልጣመንም» ብለው ከዘራቸውን እየመቱ ተመለሱ። ለሂርጳ የላኩበት ቃል አጭር ነበር፤ ያ ስም ከላይህ ከተነሣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንመለሳለን፣ ካልተነሣ ልጃችን ሌላ ቤት ያያል። ጠጅቱ ሦስት ቀን አለቀሰች። ሂርጳ አላለቀሰም፤ ጥርሱን ነክሶ የዳኝነት ተራውን ጠበቀ።

ተራው ሲደርስ ተክለጻድቅ እየፈራ መጣ። መብረቁን ዛሬ ምን ሊያንቀው ይሆን? ሂርጳ ግን ለስላሳ ነበር።

«ዘንዶው መብረቁን አየና ተንበረከከ። ሃምሳ ባቄላ ጨምሩለት።»

በሚቀጥለው እሑድ ሰማንያ ጨመረለት። ቀጥሎ ደግሞ መቶ ሠላሳ አምስት። አብዱልመናን ሂርጳን ወደ መጋረጃው ጀርባ ጎተተው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? የገደለህን ትቀልባለህ?»

«ሙክት ከመታረዱ በፊት ምን ይደረጋል?» አለ ሂርጳ።

በአራተኛው እሑድ የመብረቁ ባቄላ ሦስት መቶ ሞልቶ ነበር። ሽፍታ ሲመጣ ተክለጻድቅ ቆርኪውን አፈሰ።

«ተወው ጓድ» አለው ሂርጳ። «ሦስት መቶ ባቄላ ምን ዕጣ ያስፈልገዋል? ሽፍታው ስምህን ሰምቶ አገር ለቋል።»

«እሺ፣ ዘንዶ አምጣ።»

«ስታስነጥስ ሰምቶ ሞቷል።»

«ጠላ ልጠጣ።»

«ዋንጫው በእጅህ ደቀቀ።»

«ቤቴ ልግባ!»

«በሩን አንኳኳህ። ቤቱ ተደረመሰ። ሚስትህ ለጥቂት ወጥታ ወደ እናቷ ሄዳለች።»

በዚያው ሰዓት የዋቅሹማ ባለ ሦስት ባቄላ ጀግና ከአንድ አንካሳ ጅብ ጋር ዋሻ ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ሦስት እሑድ ሙሉ አልወጣም። ቆርኪ በተበተነ ቁጥር ሁሉም ተነሥተው ይጮኻሉ፣ አብዱልመናን መቀሱን ይጥላል፣ ጎረቤት በመስኮት ያያል። ተክለጻድቅ ብቻ ባቄላ ቁልሉን ታቅፎ ጥፍሩን ይበላል።

«መብረቁ ገብቶ ይርዳው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየለመነ።

«ከገባ ዋሻው ይናዳል።»

«እግርህን እንዳታነሣ፣ ጓድ!» ብሎ ዋቅሹማ ጮኸ። «ከጅቡ ጋር ተግባብተናል!»

በስድስተኛው እሑድ ተክለጻድቅ አንገቱን ደፋ። «ሂርጳ፣ ቀንስልኝ።»

«ምኑን?»

«ባቄላውን። በቃኝ።»

«ኃይል በዛብኝ የሚል የቀበሌ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አለ ሂርጳ። አብዱልመናን በሩን አየና ዘጋው። ሂርጳ ቀጠለ፤ «እንግዲያ እንደ እንቆቅልሽ ነው፤ ያልቻለ ምን ይላል? አገር ስጠኝ።»

«ጎንደርን ውሰድ።»

«ጎንደር ሄጄ ምን ላደርግ?»

«ሐረርን።»

«አልፈልግም። ሰልፉን ስጠኝ። ቅዳሜ ስኳር ስትጠራ፣ በዚያው ባዋረድክኝ ማጉያ፣ ስሜን ከነአባቴ።»

ተክለጻድቅ ፊቱ ጠቆረ። ቁልሉን አየ፣ ዋሻውን አየ፣ የዋቅሹማን የላበ ግንባር አየ። «እሺ» አለ።

ቅዳሜ ሂርጳ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ከሰልፉ መሐል ቆመ።

«ቀጥሎ... ጓድ ሂርጳ ቱሉ!»

ሂርጳ ጆሮውን አከከ። «ማን አልክ?»

«ሂርጳ ቱሉ!»

«ማጉያው ይንቋቋል መሰለኝ።»

«ሂርጳ ቱሉ!» ድምፁ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ተመለሰ። ከሰልፉ ኋላ አንድ ቀልደኛ «ንፍሮስ?» ቢል፣ ተክለጻድቅ ንዴቱን ሁሉ አወረደበት። «ንፍሮ የሚባል ሰው በመዝገባችን የለም! ደግሞ የጠራ ስኳሩን ያጣል!»

ስኳር የሚያጣ ስም ማን ይጠራል? በማግስቱ ስሙ ከሰፈሩ ጠፋ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሽማግሎቹ መጡ፤ ያቺው ባለ ሱቅ «የአቶ ሂርጳ ቱሉ ቤት!» ብላ እስከ ደጃፉ ሸኘቻቸው። ጠጅቱ ተሰጠች።

በሚቀጥለው እሑድ ተክለጻድቅ ቀድሞ ደረሰ። ቆርኪዎቹን በመዳፉ ያንቀጫቅጫል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ቃሌን ጠበቅሁ። ቀነስክልኝ?»

«ቀነስኩልህ» አለና ሂርጳ አንዲት ባቄላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስንት ይቅርልኝ አላልክም።»

ተክለጻድቅ ባቄላዋን አየ። «አንድም ቢሆን... ይሁን። ቢያንስ እጫወታለሁ። ምንድን ነው የመጣብኝ?»

«ልቅሶ ቤት ተጠርተሃል። ተቀመጥክ። ንፍሮ ዘገንክ።»

ዋቅሹማ ሳቁን በፍራሽ ጥጥ አፈነ።

«ጉልበቷ... ስንት ነው?» አለ ተክለጻድቅ በቀጭን ድምፅ።

«አንተው የተመንከው ነው። ሃምሳ። በትን!»

ይኼኔ የአብዱልመናን ሚስት ዘይቱና ከጓዳ ትልቅ ሳህን ይዛ ገባች፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል። ከጠዋት ጀምሮ የተቀቀለ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ባቄላ ነው። ሂርጳ እጁን ሰዶ ዘገነ። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለና ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል እያየ አኘካት፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳታንቀው።