የጁምዓው አሥር ሺህ

«አንቺ ብዙወርቅ፣ የጁምዓውን አሥር ሺህ ምን አደረግሽው?»

ሐሙስ ማታ በሬን ገና ሙሉ ሳልከፍት የተቀበልኩት ሰላምታ ይኸው ነው። ሙሀመድዘይን ደጄ ላይ ቆሟል። ከመግሪብ ሰላት ወጥቶ በቀጥታ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም።

«የምን አሥር ሺህ?» አልኩት።

«ካርዴ ላይ የነበረውን ነዋ! አሁን ከማሽኑ ነው የመጣሁት። ‹የዕለቱን ጨርሰዋል› ይለኛል። እኔ ሳላወጣ ማን ጨረሰልኝ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«የካርዱን የሚስጥር ቁጥር የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። እኔ ደግሞ አልወሰድኩም።»

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሙሀመድዘይን ወሎዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ቃሊቲ ላይ ያገለገለ የመኪና ጎማ ይሸጣል። የሱቁ አከራይ በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ብሎታል። ጎማው ሜዳ ላይ ሊወድቅ ሲል አቶ ሰቦቃ ተገኙ። አቶ ሰቦቃ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ አባታቸው ጤፍ ያርሱበት የነበረው ቦታ ዛሬ ከባድ መኪና የሚቆምበት መንገድ ሆኗል። እዚያ ዳር ያላቸውን ኮንቴይነር ሊያከራዩት ተስማሙ። ቀብዱ ሠላሳ ሺህ ብር፣ በጥሬው፣ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት። ካልሆነ አንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ተራ ይዟል። በስልክ ላስገባልዎ ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። አምና አንዱ «ልኬልዎታለሁ» ብሎ ስልኩን አሳይቷቸው ነበር፤ ብሩ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ባንክ ገብቶ እንዳያወጣ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል። የባንክ ደብተሩን ደግሞ ባለቤቱ ጀዋሂር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት፣ ቁልፉን ይዛ ኮምቦልቻ ለቅሶ ሄዳለች። እሷም ሰው አታምንም፤ ትዳሩ የጸናው በዚሁ ይመስለኛል። የቀረው ካርዱ ነው። ካርዱ በቀን ከአሥር ሺህ በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ረቡዕ አሥር፣ ሐሙስ አሥር፣ ዓርብ አሥር ብሎ ቆረጠ። ዓይኑ ቅርቡን አያይለትም፤ መነጽር ግዛ ሲሉት «የሽማግሌ ዕቃ ነው» ይላል። እናም ረቡዕም ሐሙስም ቁጥሩን የተጫንኩለት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል መድረሴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ ጠቀመኝ ከተባለ።

«ዛሬ ጠዋት አብረን አላወጣንም እንዴ?» አልኩት።

«እሱማ የሐሙሱ ነው። እኔ የምልሽ የጁምዓውን ነው።»

«ጁምዓ እኮ ነገ ነው።»

«ፀሐይ ከገባች ጁምዓ ገብቷል» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቄን ዋጥኩት። አልፈርድበትም፤ እኛም ብንሆን በዓሉን ከዋዜማው ማታ አይደል የምንቀበለው? ማሽኑ ግን አይሰግድም፣ አያስቀድስም።

«ሙሀመድዘይን፣ ለማሽኑ አሁንም ሐሙስ ነው። የቀኑን ድርሻህን ጠዋት ወስደሃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ገባኝ።»

«ለባለካርዱ ያልገባው ላንቺ እንዴት ገባሽ?»

ይህን እያለ ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ሳሎኔ ገባና አዲሱ ምንጣፌ ላይ ዐረፈ። በዕቁብ ብር ነው የገዛሁት ብዬ ልምል አፌን ከፈትኩ። ሳይጠየቁ መማል ራሱ እንደሚያስጠረጥር ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። መዝጋቴም አስጠረጠረኝ።

«ለመሆኑ አሁን ማን ተጫነልህ?» አልኩት።

«ኢክራማ። ከመስጊድ አብረን ወጥተን።»

«እንግዲያው ቁጥሩን የምናውቀው ሦስት ሆነናል።»

«ኢክራማማ አላህን ይፈራል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ...» አለና ምንጣፉን ደግሞ አየት አደረገው። «አንቺማ ጎረቤት ነሽ።»

ሲሄድ ደረጃው ላይ ሁለት በሮች ገርበብ ብለው ነበር። የብሎካችንን የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ነገ ብሩ ካልወጣ፣ የሚቀጥለውን መዋጮ ማን በእጄ ይሰጠኛል?

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ዘንድ ወረድን። እኔ ካርዱን ልነካ ሳይሆን ስሜን ላስመልስ ነው የሄድኩት። አቶ ሰቦቃም በእግራቸው መጥተዋል፤ ብሩ ከማሽኑ ሲወጣ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። የባንኩ ጥበቃ ሮቤራ ነገሩን ሲሰማ ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ የማሽኑ ቀን የሚቀየረው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ማታ ቢመጡ ያው ሐሙስ ነው።»

«ሌሊት ስድስት?» አለ ሙሀመድዘይን። «ሰው ሁሉ በተኛበት? ሌባ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት?»

«እኔ ድሮም ይህን ዕቃ አላምነውም» አሉ አቶ ሰቦቃ።

«ሰማህ አይደል?» አልኩት እኔ።

«ብሩ ሲወጣ እናያለን። አንቺ ግን ዞር በይ።»

ዞርኩ። ፊቴን ወደ አስፋልቱ አድርጌ የሚኒባስ ወያላ ሲጣራ እሰማለሁ። ከኋላዬ ሙሀመድዘይን ጃኬቱን አውልቆ ራሱንም ማሽኑንም ሸፈነበት። በጠራራ ፀሐይ የማያይ ዓይን ጃኬት ውስጥ ምን ሊያይ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ማሽኑ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ተዉ!» አለ ሮቤራ። «ሁለቴ ተሳሳቱ እኮ። ሦስተኛውን ከተሳሳቱ ካርዱን ያስቀረዋል። ለማስመለስ መታወቂያ ይጠይቃሉ።»

መታወቂያ የሚለውን ሲሰማ ጃኬቱ ባለበት ደረቀ።

«በል አንተ ተጫንልኝ።»

«ለእኛ ክልክል ነው፣ ጋሼ።»

ኢክራማ ጋ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ። የአቶ ሰቦቃ ስልክ ግን ጠራ።

«ኤዬ» አሉ አቶ ሰቦቃ በስልካቸው። «አለ፣ አለ። ኮንቴይነሩ እስካሁን አልተያዘም። ሲሚንቶውን ጭነሃል? እስከ ስድስት ጠብቅ።» ከዘጉ በኋላ ሰዓታቸውን አዩ። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ» አሉ፣ ለማንም ሳይሉ።

ሙሀመድዘይን ከጃኬቱ ሥር ወጣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ብዙዬ» አለኝ። ማታ ብዙወርቅ ነበርኩ። «ብዙዬ፣ አፉ በይኝ። ነይ እባክሽ ተጫኚልኝ።»

ፊቴን ከአስፋልቱ አልመለስኩም።

«አላህን የሚፈራ ሰው አስጠራ እንጂ» አልኩት። «እኔማ ጎረቤት ነኝ።»