ማንም የማያውቀኝ አጥቢያ

ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። ትልቅ ናት የሚላችሁ ሰው ዕዳ የለበትም።

እኔ ስላለብኝ ነው ምክር ፍለጋ ከራሴ ቸርች በሁለት ባጃጅ ወደሚደረስ አጥቢያ የሄድኩት። ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው፤ «በዕዳ ለተጨነቁ ነፃ ምክር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በጡረተኛ የባንክ ባለሙያ።» ነፃ የምትለዋ ቃል ደስ አለችኝ። ዘንድሮ በነፃ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ራስ ምታት ብቻ ነው። በእኛ አጥቢያ ቢሆን ኖሮ፣ በረንዳ ላይ ተራ ስጠብቅ ያየኝ ሰው እሑድ ጠዋት ስሜን የጸሎት ርዕስ ያደርገው ነበር። ደክሞኛል። እንዲጸለይልኝ እንኳ ደክሞኛል።

ታሪኩ አጭር ነው። መሃል ከተማ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ብዬ ከአንድ አበዳሪ ተቋም መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ተበደርኩና ሱቄን በልጆች የባህል ልብስ ሞላሁት። ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በበዓሉ ቀን ልጆቹ ሁሉ አምረው በሱቄ ፊት በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ አለፉ፤ ልብሱን ከጎረቤቶቼ ገዝተው። የእኔ እስካሁን እንደታሰረ አለ። ወርሃዊውን ለመክፈል በስልክ ተበደርኩ፤ የስልኩን ለመክፈል እቁብ ገባሁና ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩ፤ አሁን የእቁቡን ሳምንታዊ ለመክፈል ከጅምላ ነጋዴው ከሱሌይማን ዕቃ በዱቤ አነሳለሁ። ዕዳ ያለበት ሰው ዝላይ አይችልም ይላሉ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ስዘል ነው የከረምኩት።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልቻልኩት የየሺን ነገር ነው። የብድሬ ዋስ የሺ ናት። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ዘምረናል፤ ዋስ ሁኚኝ ስላት ወረቀቱን ሳታነብ ፈረመችልኝ። በዚህ ዘመን ደሞዝተኛ ዋስ ማግኘት ባል ከማግኘት ይከብዳል። እኔ ካልከፈልኩ ከእሷ ደሞዝ እንደሚቆረጥ ወረቀቱ ይናገራል። መክፈል ካቆምኩ አምስት ወር ሆኖኛል። መጀመሪያ ተቋሙ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር፤ በኋላ ተዉኝ። ዝምታቸውን ትዕግሥት ብዬ ተረጎምኩት። ከየሺ ግን ሦስት ወር ሙሉ ተደበቅሁ፤ ስልኳን አላነሳም፣ በምታልፍበት ሰዓት ሱቄን እዘጋለሁ፣ እሑድ ከኋላ ተቀምጬ ቡራኬ ሳይሰጥ እወጣለሁ። ሱቄን ባጣ አጣለሁ፤ የሺን ካጣሁ ግን ሰው የለኝም። የመጣሁት፣ ሳትሰማ የምገላገልበት ዘዴ ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

መካሪው አቶ ጉልላት ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረጉልኝ። «ያለብሽን ሁሉ ጻፊ፣ ልጄ።»

ጻፍኩ። አዩትና ወረቀቱን መልሰው ገፉልኝ። የሱሌይማንን ጨመርኩ። ሲደምሩት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሺህ መጣ። እኔ አንድ ቀን እንኳ ደምሬው አላውቅም።

«አይገድልም» አሉ። «ዕዳን በዕዳ መክፈል ግን ዛሬ ቆሟል። የታሰረውን ልብስ በመጣበት ዋጋ ሽጪው። ተቋሙ ጋ ሂጂና ጊዜ እንዲራዘምልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ዋስሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እንዳታውቅ ብዬ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለእሱ ምክር የለኝም። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት። ከሌላ ከምትሰማው ከአንቺ ትስማው።»

ተናደድኩ። ነፃ ምክር ማለት ይኸው ነው ለካ። ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። ሻርፕዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ እጆቿን ታያለች። እጆቿን አወቅኋቸው። የሺ ነበረች።

አላየችኝም። በጓሮ በኩል በር ነበር፤ ስገባም መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ሁለት እርምጃ ወደዚያ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጽጌሬዳ!» አለች ደንግጣ። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እባክሽ፣ እዚህ እንዳየሽኝ ለማንም እንዳትነግሪ። የእኛ ሰዎች እንዳያዩኝ ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።»

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት፤ እያወቅሁ።

«ደሞዙ አልበቃ አለኝ። የቤት ኪራይም ዘገየብኝ።» ሌላ አልጨመረችም። የእኔን ስም አላነሳችም።

«ስንት ወር ቆረጡብሽ?»

«ሦስት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስደውል አታነሺም» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልወቅስሽ መስሎሽ ነው? ሱቅሽ ተዘግቶ ሳየው ታመመች ብዬ ነው የደወልኩት።»

አፈርኩ። በዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን በጣም አነሰብኝ።

«ቀጣይ!» አሉ አቶ ጉልላት ከውስጥ።

የሺ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። በሩ ላይ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው። «እኛ ጨርሰናል እኮ፣ ልጄ።»

«አልጨረስንም» አልኩ። «ዋሴ ይቺ ናት።»

ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር። የሺን አስቀመጥኳትና እኔ ቆምኩ። ያጠፍኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ከተቋሙም ከእቁቡም ከሱሌይማንም በላይ፣ ባዶ በቀረው ጫፍ ላይ ጻፍኩ፤ «የየሺ የሦስት ወር።»

እስክሪብቶውን ለአቶ ጉልላት መለስኩላቸው።

«እንደገና ይደምሩልኝ» አልኩ።