አባባ ሰርቪስና የተጨፈለቀችው ሚኒባስ

ሚጡ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትቆም ደንበኛው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ ቤቷ ስትገባ ግን ያው ሚጡ ናት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። እርሳቸውን ደግሞ የሰፈሩ ሰው «አባባ ሰርቪስ» ይላቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን በሰማያዊ ሚኒባስ ተማሪ ሲያመላልሱ ኖረዋልና። ዓይናቸው ሲደክም መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ፣ ሚኒባሷንም በልጃቸው ስም አዞሩ። የዞረው ግን ስሙ ብቻ ነበር። ጠዋት ያጥቧታል፣ መጋረጃዋን ያራግፋሉ፣ ውስጧ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጫማውን ሳያወልቅ የገባ ሰው ካዩማ ጉዱ ፈላ!

ሚኒባሷ አርጅታ ነበር። ስትነሳ ጭሷ ጎረቤት ያሰጣውን ልብስ ያጠቁራል። ሚጡ ነዳጅ ማደያ ተሰልፋ ስታረፍድ፣ በሽተኛ የተዘጋ በር ታቅፎ ይጠብቃታል። በዚህ መሐል ነው መንግሥት አዲሱን ማበረታቻ ያወጀው። አሮጌ የነዳጅ መኪናውን ለመጨፍለቂያ ያስረከበ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ቀረጥ ይገዛል፤ ቻርጅ ማድረጊያውም ቤቱ ድረስ በነፃ ይተከልለታል፤ መንገድ ሲጨናነቅ በአውቶቡስ መስመር ሽው ብሎ ማለፍ ይችላል። ዕድሉ የሚያበቃው ግን በወሩ መጨረሻ ነው። ትናንት «የባትሪ መኪና የልጅ መጫወቻ ነው» ሲል የከረመ ጎረቤት ሁሉ አሮጌውን እየጎተተ ወደ መጨፍለቂያው ግቢ ነጎደ።

ሚጡም አንድ ምሽት ወሬውን ለአባቷ አነሳችላቸው።

«አባዬ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው ነገር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሬዲዮውን ዝቅ ሳያደርጉ። «ስልኬ እንኳ ባትሪው እያለቀ ያስቀይመኛል፤ ደግሞ መኪናዬ ይጨመር?»

«መንግሥት እኮ ቀረጡን አንስቷል።»

«ምርቃት ሲሰጡሽ መጀመሪያ የሚወስዱብሽን ጠይቂ።» ይህን ብለው ድምፁን ጨመሩት። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

ለእርሷ ግን አላበቃም። የአባቷን ታናሽ ወንድም፣ አጎቷን፣ አማከረችው። አጎቷ ነገር ማቅለል ይወዳል።

«ቀላል ነው! እኔ ጋሼን ምሳ እጠራዋለሁ፤ አንቺ በዚያው መሐል አስጭነሽ ላኪያት። ሲመጣ ይቆጣል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ይበርድለታል። አዲሷ ስትመጣ ደግሞ መርቆሽ ይገባባታል።»

ሚጡ ልቧ ባይቀበለውም ጆሮዋ ተቀበለው።

ቀኑ ደረሰ። አባቷ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ጠዋት ክኒን ሰጠቻቸው፤ ደህና እንደሆኑ አይታ፣ ሚኒባሷን ግቢ ትታ በታክሲ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከምሳ በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ የመኪና ጎታቹ ክሬን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። በሩን ከፈተችለት፣ ቁልፉን ሰጠችው፣ ያቀረበላትን ወረቀት ሳታነብ ፈረመች። ሰንሰለቱ ሲንቋቋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የልጅነቷን ማለዳዎች ሁሉ ያሳለፈችባትን መኪና ሲጎትቱ ለማየት አንጀቷ አልቻለም። ክሬኑ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቀና አላለችም። ገብታ ፊቷን ታጠበች፤ ለአባቷ የምትለውን እያሰላሰለች ሳሎን ውስጥ ብዙ ቆየች።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ሲንጫጫ ነው የባነነችው። አጎቷ ነበር።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ስልክ አታነሺም እንዴ? ስንቴ ደወልኩ!»

«ምነው? አባዬ ጠረጠረ እንዴ?»

«የምን መጠርጠር! ያ የሰጠሽው ክኒን አናቴን አዞረኝ ብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ተመለሰ እኮ። ‹ትንሽ ጋደም ልበል› ብሎኝ ነው የሄደው። ቤት አልደረሰም?»

ሚጡ ስልኩን እንደያዘች ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የቆዳ ጫማቸው አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ እያደረገ ነው። «አባዬ!» አለች። ጓዳውን አየች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች። «አባዬ!» ወደ ግቢው ወጣች።

ሚኒባሷ ቆማ በነበረችበት ቦታ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ከዘይቱ ዳር፣ የጎን በሩ ይከፈትበት በነበረው በኩል፣ የአባቷ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተደርድሮ ተቀምጧል።

ሚጡ ክው አለች። ክኒኑ እንቅልፍ እንደሚያመጣ ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ስንቱን ደንበኛ «ይህን ውጠህ መኪና እንዳትነዳ» ብላ መክራለች። አባቷ ደግሞ ደህና ሆነው እንኳ አንዴ ከተኙ መድፍ አይቀሰቅሳቸውም። የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለው መጋረጃውን ዘግተዋል። እርሷም በገዛ እጇ በር ከፍታ አስጎተተቻቸው።

የክሬኑን ሾፌር ደወለችለት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እንዲያው በደመ ነፍስ ወደ አስፋልቱ ሮጣ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች።

«መጨፍለቂያው ግቢ! በፈጠረህ ፍጠን፣ አባቴ መኪናው ውስጥ ነው!»

ባለታክሲው በመስታወቱ አያትና መኪናውን አስነሳ። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። ማበረታቻው ሳያልቅ ለመድረስ የቸኮለው ሰው አሮጌ መኪናውን ይዞ መንገዱን ሞልቶታል።

«አለቀልኝ!» አለች ሚጡ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ይቺ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። በአውቶቡስ መስመር ተፈቅዶልናል» አለና መሪውን ሰብሮ ባዶው መስመር ውስጥ ገባ። ታክሲዋ ድምፅ ሳታሰማ ተወነጨፈች። ያን ቀን ሚጡ አዋጁን አልመረቀችም፣ አልረገመችም፤ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ግቢው በር ላይ ዘበኛው «ተራ ያዢ!» ቢላትም ገፍትራው ገባች። የመጨፍለቂያው ማሽን ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ከማሽኑ አጠገብ የተጨፈለቁ መኪኖች እንደ ብርድ ልብስ ታጥፈው ተደራርበዋል። ከሁሉም በላይ፣ ገና አሁን የወረደው፣ ሰማያዊ ነበር። በጎኑ ላይ አባቷ በእጃቸው የጻፉት «ተማሪ» የሚለው ቃል ግማሹ ይነበባል።

እንዴት እንደጮኸች አታውቀውም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ደንግጦ አጠፋው። ግቢው ጭጭ አለ። ሚጡ ወደ ብረቱ ሄዳ እጇን አሳረፈችበት፤ ብረቱ ገና ይሞቃል። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ዕንባ እንኳ አልመጣላትም። ብረቱን ብቻ ታያለች።

«ሚጡ።»

ዞር አላለችም። የሞተ ሰው ድምፅ የሰማች መሰላት።

«አንቺ ሚጡ! ከዚያ ስለታም ነገር ራቂ እንጂ፣ ይቆርጥሻል!»

ዞረች። አባቷ በካልሲ ብቻ ቆመዋል። ከኋላቸው ጥላው ሥር የሚኒባሷ የኋላ ወንበር ተነቅሎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቢጫ ቆብ ያደረገች የግቢው ኃላፊ የውኃ ብርጭቆ ይዛ ትመለከታለች።

ሚጡ ተንደርድራ ተጠመጠመችባቸው። ፊታቸውን ዳሰሰች፣ ትከሻቸውን ዳሰሰች፣ እንደገና ፊታቸውን ዳሰሰች። አሁን ዕንባዋ መጣ።

«እኛ እኮ ሳንፈትሽ አንጨፈልቅም» አለች ኃላፊዋ። እርሷም ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም። «ወንበር ሊፈታ የገባው ልጃችን ‹ሬሳ አለ!› ብሎ እየጮኸ ወጣ። ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። ከዚያ ሬሳው ተነስቶ ‹ጫማህን አውልቅ!› ብሎ ተቆጣው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቷ ግን አልሳቁም፤ ሚጡም አልሳቀች።

«ሲጨፈልቋት አይተሃል?» አለች ቀስ ብላ።

«አይቻለሁ።»

«‹አባባ፣ እናቁመው?› ብያቸው ነበር» አለች ኃላፊዋ። «ፊርማውን ሲያዩ ‹ልጄ ከሰጠች ተሰጥቷል፣ ቀጥሉ› አሉኝ።»

ሚጡ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷ በሰው ፊት ልጃቸውን ላለማዋረድ ሲሉ፣ የዕድሜ ልክ መኪናቸው ስትታጠፍ በካልሲ ቆመው አይተዋል።

«ብነግርህ እንቢ ትለኛለህ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«አዎ፣ እንቢ እልሽ ነበር» አሉ። «ሦስት ቀን እንቢ ብዬ፣ በአራተኛው ራሴ ይዣት እመጣ ነበር። ያንን ሦስት ቀን ነው የወሰድሽብኝ።»

ሚጡ ክንዳቸውን ይዛ ወደ በሩ መራቻቸው።

ባለታክሲው በር ላይ ሲጠብቃቸው አገኙት። እርሳቸውን ሲያይ «ተመስገን!» ብሎ በሩን ከፈተላቸው። ጥቂት እንደሄዱ አባቷ ጎንበስ ብለው አዳመጡና «ሞተሩ ጠፋብህ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ እየሄድን ነው አባባ።»

ቀና ብለው በመስኮቱ አዩ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ።

ለብዙ ቀናት በቤቱ ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተሰማም። አጎቷ ሊያስታርቅ ቢመጣ አባቷ ተቆጥተው መለሱት። አዲሷ ነጭ መኪና ስትገባ ጎረቤቱ እልል ሲል እርሳቸው በር ላይ እንኳ አልወጡም። ቻርጅ ማድረጊያውን ሊተክሉ ሰዎች ሲመጡ ግን ሚጡ ሠራተኞቹን አስቁማ ወደ ክፍላቸው ገባች።

«አባዬ፣ የት ቢተከል ይሻላል?»

ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው ወጡና ከግንቡ ጥግ፣ ዝናብ የማያገኘውን ቦታ አሳዩ። በሳምንቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መድኃኒት ቤት ድረስ ሸኟት፤ መንገዱን ሁሉ «ዝግ በይ፣ ሰው አይሰማሽም» እያሉ።

ታርቀዋል ማለት ይቻላል። ግን እስከ ዛሬ ሚጡ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ከማስነሳቷ በፊት የኋላውን በር ከፍታ ወንበሩን በእጇ ትዳስሳለች። ባዶ መሆኑን እያየች ትዳስሳለች። አባቷ በመስኮት ያዩዋታል፤ አንድ ቀን እንኳ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብለው አልጠየቋትም።