አዲሱ ዲቴክተርና የእናቴ ቀለበት

አሮጌው ዲቴክተሬ፣ ማለትም የብረት መፈለጊያ ማሽኔ፣ ለወርቅም ለቆርኪም እኩል ይጮኽ ነበር። የገዛሁት ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ፣ ሰልችቶት ከተመለሰ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አገለገለኝ። እሑድ እሑድ ጠዋት ከጓደኛዬ ከካሊድ ጋር ጃንሜዳ እንሄድና ኳስ ተጫዋቾች የጣሉትን እንለቅማለን፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴ የአንገት ሐብል። ባለቤቱን ካገኘን እንመልሳለን። ካላገኘን ዕቃው ካሊድ ፒያሳ በነበረችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቁ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። የሰፈሩ ልጆች «ብረት አሽታቾቹ» ይሉን ነበር።

በዚያ ማሽን ላገኘው ያልቻልኩት አንድ ነገር ነበር፤ የእናቴ የጋብቻ ቀለበት።

ቀለበቱ የጠፋው በ1974 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚጋራበት የቀበሌ ቤት ነው። እናቴ የሺዓለም በዚያ ዓመት ታማ በጣም ከስታ ስለነበር ቀለበቱ ጣቷ ላይ ይዞር ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀለበቱ የለም። ቤቱ ተገለባበጠ፤ ፍራሽ ሳይቀር ተፈታ። በመጨረሻ እናቴ ምብራትን ግቢው መሃል አቆመቻት። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያያል።

ምብራት እኛ ቤት የምትሠራ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ናት። ማባዛት ያስጠናችኝም እሷ ናት፤ ራሷ ገና አምስተኛ ክፍል እየተማረች።

«ሌባ! ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ!» አለቻት እናቴ።

«አልወሰድኩም» አለች ምብራት። ሁለተኛ አልደገመችውም።

በማግስቱ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። እስከ አስፋልቱ ድረስ እያለቀስኩ ተከተልኳት። «ተመለስ ሚኑ፣ ይቆጡሃል» ብላኝ ተሻገረች።

ዲቴክተር እንደገዛሁ መጀመሪያ የፈተሽኩት ያንን ግቢ ነው። ግን ስንት ዓመት የተከማቸ ምስማር፣ ቆርቆሮና ሽቦ ነው ያለው! ማሽኑ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል። አምስቱንም ቤት የሚያስነሣ ጉድጓድ ካልቆፈርኩ በቀር ተስፋ አልነበረውም። ተውኩት።

ከዚያ ሰፈሩ ሊነሣ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ግማሹ ወደ ገላን፣ ግማሹ ወደ ሌላ ሌላ ተበተነ። እኛም ካሊድም ገላን ቤት ደረሰን። አንድ ቀን አሮጌው ማሽን ጭራሽ ዝም ሲል ለካሊድ ወሰድኩለት። ከፍቶ አየውና ሳቀ።

«ሚናስ፣ ይሄን ጠግኜ ጠግኜ ግማሹ የኔ ራዲዮ ሆኗል። በቃ ተወው። ብረቱን ከወርቁ የሚለየውን ግዛ። ግቢያችሁ እንደሆነ ቤቱ ተነሥቷል፤ መሬቱ ደግሞ ገና አልተነካም።»

ከመርካቶ ገዛሁ። አዲሱ ማሽን መስኮት አለው፤ ከሥሩ ምን ዓይነት ብረት እንዳለ በቁጥር ይናገራል። ምስማርን ዝም በለው ካሉት ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት ገላን ሜዳ ላይ ተለማመድኩ። ሟች አባቴ ያደርገው የነበረው ቀለበት ከእናቴ ቀለበት ጋር አንድ ላይ፣ ከአንድ ወርቅ የተሠራ ነው። እሱን አፈር ውስጥ እየቀበርኩ ቁጥሩን አጠናሁ፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሦስት።

ከካሊድ ጋር ፒያሳ፣ የፈረሰው ሰፈራችን ስንደርስ የቦታው ጥበቃ አስቆመን።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«የእናቴ ቀለበት» አልኩት።

«መቼ?»

«አርባ ሦስት ዓመት ሆነው።»

እየሳቀ አስገባን። «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ከዚያ መኪና ይገባል።»

ግቢያችንን ያገኘሁት በሩ ላይ በነበረው የጽድ ዛፍ ነው፤ እሱን አልቆረጡትም። ቀዩ ሊሾ እዚህም እዚያም ቁርጥራጩ ቀርቷል። ሳሎናችን እንዲህ ጠባብ ነበር እንዴ? አባቴ ራዲዮ የሚሰማበት ጥግ፣ እኔና ምብራት በጠመኔ የምንጽፍበት ደረጃ፣ ሁሉም በአሥር እርምጃ አለቀ። ማሽኑን ከፈትኩት። ድሮ በየእርምጃው የሚጮኽብኝ መሬት ዝም አለ። ሰፈሩ ጨርሶ የሄደ መሰለኝ።

ለሁለት ሰዓት የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትና የቱቦ ክዳን ስናወጣ ቆየን። ከዚያ የድሮው ቧንቧ በነበረበት፣ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ላይ ማሽኑ ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማ። ሃምሳ አንድ። ካሊድ ተንበርክኮ በእጁ ጫረ። አንድ ስንዝር ያህል ከደረቀው ጭቃ ሥር ቢጫ ነገር ብቅ አለ። በምራቁ አሸት አሸት አድርጎ ሰጠኝ። ከውስጥ የአባቴ ስም ተቀርጾበታል።

እናቴ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። መዳፏ ላይ ሳስቀምጥላት ጣቷ ላይ አላደረገችውም።

«የት ነበር?»

«ቧንቧው ሥር፣ ቦዩ ውስጥ።»

«እግሬን የምታጠብበት ነው» አለች። «ምብራት እዚያ አትታጠብም ነበር። በሕይወት አለች?»

«አለች። አራት ኪሎ ከልጇ ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ሥላሴ ቀብር ላይ ካገኘኋት ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ሄጄ እጠይቃታለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ነገ ውሰደኝ» ብቻ አለች።

በማግስቱ ምብራት እናቴን ሱቋ በር ላይ ስታያት «እትዬ!» ብላ ተነሣች፤ ወዲያው መነሣቷ የቆጫት መሰለኝ። ቀለበቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ይቺው ናት? እኔ ትልቅ ነበር የምትመስለኝ።»

«በድዬሻለሁ፣ ምብራት» አለች እናቴ። «ይቅር በይኝ። ቀለበቱም ያንቺ ይሁን።»

«ቀለበት ምን ያደርግልኛል? ሌባ ያሉኝ ግቢ መሃል፣ ሰው ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ውስጥ ማን ቤት ያስገባኛል? ትምህርቴም እዚያው ቀረ። አሁን ለብቻዬ ነው የሚነግሩኝ?»

«ምብሬ፣ ግቢው እኮ ፈርሷል፤ ሰዉም ተበትኗል» አልኩ እኔ።

እናቴ እጇን ዘረጋች። «ስልክህን አምጣ። ወይንሸት ጋ ደውልልኝ።»

እትዬ ወይንሸት የቀኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ጆሯቸው ስለደከመ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ወይንሸት፣ ምብራትን ታስታውሻታለሽ?» አለች እናቴ።

«ቀለበት የሰረቀችው?»

ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ዞር አሉ። የምብራት ልጅ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«አልሰረቀችም። እኔው ነኝ የጣልኩት። ትናንት ልጄ ቆፍሮ አገኘው። በሐሰት ነው ያባረርኳት። ለልጆችሽም ንገሪልኝ።»

ሁለተኛው ጎረቤት ሞተዋል፤ ለልጃቸው ነገረችው። ሦስተኛዋ ጋ ስትደርስ መቆም ከብዷት ግድግዳውን ያዘች። ምብራት ይህን ሁሉ ጊዜ ባንኮኒውን ተደግፋ ትሰማ ነበር። ወንበር አምጥታ ከኋላዋ አደረገችላት።

እናቴ ተቀመጠች። «ቀጥሎ የማን በር ነበር?» አለችኝ።

«የአቶ ገብረትንሣኤ» አለች ምብራት። «ያን ቀን ከነልጆቻቸው ነው ሊያዩኝ የወጡት። ስልካቸው አላችሁ?»

ነበረኝ። ደወልኩ።