ገሠሠ ከመጣ

«አይጻፉ!» አለ ሙርሳል፤ የመምህር ዐብዱልቃድርን እጅ ከነብዕራቸው ያዘው። «ለእነሱ ከዚህ ቤት ወረቀት አይወጣም።»

ቀለሙ ከብዕሩ ጫፍ ወርዶ በመምህሩ ነጭ ቀሚስ ላይ ጠብ አለ። ሙርሳል ቁርኣን የቀራው እሳቸው ዘንድ ነበርና አፈረ። እጃቸውን ለቀቀ።

«ወረቀቱ የኔ ነው፤» አለች እናቱ ብኸይታ። «የዝናሽም የኔ ናት። ተቀመጥና ስማ።»

አልተቀመጠም። ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩን ተደግፎ ቆመ።

በዚያ ሰሞን በአሶሳ ዙሪያ ልቡ ያረፈ ሰው አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በዚህ በጋ ይወርዳል የሚለው ወሬ በየገበያው ተዳርሷል። ከአገሩ ሼኾች አንዳንዶቹ ግብር ከፍለን እንደር ሲሉ፣ ሌሎቹ እንዋጋ ብለው ሰው ያስታጥቁ ነበር። ሙርሳል ከሚዋጉት ጋር ነው። ሴቶቹ ማሽላቸውን ተሸክመው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ወደ ኮረብታው ቋጥኝ መውጣት ጀምረዋል። ከመተከል ደጋ አሞሌ ጨው የሚያመጣው ነጋዴው አልአሚን መንገዱ ሳይዘጋ ዛሬውኑ ሊመለስ አህዮቹን እየጫነ ነው። የየዝናሽን ደብዳቤ ያመጣውም እሱ ነበር።

ብኸይታና የዝናሽ የተዋወቁት ሙርሳል ገና ዳዴ ሳይል ነው። የብኸይታ ባል ማህጁብ ነፍሱን ይማረውና ጥጥ ነጋዴ ነበር። አንድ ዓመት ይዟት ደጋ ጫፍ ድረስ ወጣ፤ ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ዓባይ ሞላና መመለሻ አጡ። ደንበኛው ታፈረ ከቤቱ ከፍሎ አስጠጋቸው። የታፈረ ሚስት የዝናሽ አራስ ነበረች። ንዳድ ጥሏት ጡቷ ደርቆ፣ ሕፃኑ ገሠሠ ቀንም ሌሊትም ያለቅሳል። ብኸይታ ማንንም ሳትጠይቅ አንሥታ አጠባችው። ክረምቱን ሙሉ ገሠሠ ከግራዋ፣ ሙርሳል ከቀኟ ጠቡ።

የዝናሽ ስትድን ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። ብኸይታ ያንን ፂማም ታፈረን «ነይ፣ እራት ብዪ» ያለችው ቀን የዝናሽ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ታፈረም «መጣሁ እመቤቴ» ብሎ እጁን ታጠበ። ብኸይታ ደግሞ በተራዋ፣ የዝናሽ የባሚያ ወጥ ከጣቷ እያመለጣት ስትቸገር አይታ ስቃለች። ስትሄድ የባሚያውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥራ ትታላት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ብቻ ዓባይ በጎደለ ቁጥር ወረቀት ይሄዳል፤ ይመጣል። መምህሩ በዓረብኛ ይጽፋሉ፤ እዚያ ደግሞ አንድ እስላም ነጋዴ ለየዝናሽ ባማርኛ ያነብላታል፤ መልሷንም እሱ ይጽፍላታል። ማን እንደወለደ፣ የማን ላም እንደሞተች፣ የማን ጥርስ እንደበቀለ ይጻጻፋሉ። ማህጁብ ሞቶ እንኳ አልተቋረጠም።

የዘንድሮው እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ከእኅቴ ከብኸይታ። እንደምን ከርመሻል? ባሚያሽ ዘንድሮም በቅሏል፤ ጎረቤቶቼ ዛሬም ይስቁብኛል። ገሠሠ ከጦሩ ጋር ሄደ። አባቱ ጠመንጃውን መርቆ ሰጠው። እኔ ግን ወዴት እንደሚወርዱ ስሰማ አልመረቅሁትም። ያንቺን ጡት ጠብቶ ያንቺን አገር ሊወጋ ነው። ተው ብዬ ብለምነውም አልሰማኝም። እኅቴ፣ ልጄን ለማን ልስጥ? አደራሽን።»

«ከአንድ ጡት ጠብታችኋልና በሃይማኖታችን ወንድምህ ነው፤» አሉ መምህሩ ወደ ሙርሳል ዞረው።

«ወንድሜ ከሆነ ለምን ጠመንጃ ይዞ ይመጣል?»

«አንተስ ጠመንጃ ይዘህ የምትጠብቀው ማንን ነው?» አለች ብኸይታ።

«እኔ ያለሁት ቤቴ ነው፣ እናቴ።»

እውነቱን ነው።

«ደግሞስ ባገኘው በምን አውቀዋለሁ?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ብኸይታ ልትናገር አፏን ከፈተች። ትዝ የሚላት ጥርስ ያልነበረው አፍ፣ ቅቤ የሚሸት ራስ፣ ጣቷን ጨብጦ የማይለቅ እጅ ነው። በዚህ የሚለይ ጎልማሳ የለም።

«እኔም አላውቀውም፤» አለች።

መምህሩ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከሩት። «ልጅሽን እጠብቅልሻለሁ ብለን እንጻፍላት። ምን ይጎዳል? እናት ናት፤ እንቅልፍ ታገኝበታለች።»

«ዋሽቻት አላውቅም። ማህጁብ የሞተ ጊዜ "ደህና ነኝ" ብለው ሲጽፉ አስቀድጄዎት የለም?»

ከውጭ አልአሚን ተጣራ፤ ጭነቱን ጨርሷል። ብኸይታ ነጠላዋን አስተካክላ ከመምህሩ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እንግዲህ ይጻፉ። የዝናሽ፣ ሙርሳልም ጠመንጃውን ይዞ ደጄ ላይ ቆሟል። የሱንም እጅ፣ የልጅሽንም እጅ መያዝ አልችልም። እጠብቀዋለሁ ብዬ አደራሽን ብቀበል ዋሸሁሽ ማለት ነው። እኔ ግን ከቤቴ አልወጣም። ርቦትም ቢሆን፣ ቆስሎም ቢሆን፣ ከመጣ እዚሁ ያገኘኛል።»

«ሰው ሁሉ ኮረብታ ሲወጣ አንቺ ብቻሽን?» ሙርሳል ከበሩ ተላቆ መጣ። «የሚመጣው ገሠሠ ብቻ ነው እንዴ? ቤቱን ቢያቃጥሉትስ?»

«ደጁ ላይ እቀመጣለሁ።»

«እናቴ!»

«አንተም ብትቆስል የምትመጣው ወደዚሁ ነው፤ ሙርሳል። ወዴት ትሄዳለህ?»

መምህሩ ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁ። ሙርሳል እንደ ቅድሙ እጃቸውን አልያዘም፤ ጻፉት።

ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ሙርሳል ወረቀቱን ተቀበላቸው። ሊቀደው ነው ብላ ብኸይታ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንደገናም አነበበው። ከዚያ አጥፎ ወጣና ራሱ ለአልአሚን ሰጠው። ወደ ጓደኞቹ የሄደው ዞር ብሎ ሳያይ ነው። እናቱ ከቁጥቋጦው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ጎረቤቷ ሰዕዲያ እንስራዋን ተሸክማ መጣች። «ተነሺ እንጂ! ፀሐይ ሳትበረታ እንውጣ።»

«እኔ እቀራለሁ። ፍየሎቼን ከፍየሎችሽ ጋር ንጂልኝ።»

ሰዕዲያ አፍጥጣ አየቻት፤ ከፊቷ ያየችው ነገር ግን ክርክር የሚያስጀምር አልነበረም። በረቱን ከፍታ ፍየሎቹን ማስወጣት ጀመረች።

ብኸይታ ተከትላት ሄደችና ከመካከላቸው የአንዷን ቀንድ ያዘች።

«የምትታለበዋን ግን ተዪልኝ፤» አለቻት።